በአትላንታ የጎሽ ኒክሎችን መርምረው ይለዩ የነበሩት ወይዘሮ መነን ሕሩይ

ወይዘሮ መነን ሕሩይ ከአባታቸው ከአቶ ሕሩይ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘውድነሽ ገብሬ በታኅሣሥ ወር 1949 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው በ1969 ዓ.ም. በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ። የዘለለ ክር ከዓይናቸው አያመልጥም ነበር፤ ይህንንም እሳቸው ራሳቸው ሳያፍሩ ይናገሩት ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከአቶ ስምዖን ደስታ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሰሎሜንና ፊሊሞንን አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ አትላንታ መጡ። ከአየር ማረፊያ ተቀብለው ኖርክሮስ በሚገኘው ጠባብ አፓርታማቸው ክረምቱን ያሳለፏቸው የባለቤታቸው ጓደኛ አቶ ፍሬው ነበሩ። ኋላም ቤተሰቡ ታከር ላይ ቤት ገዝቶ ሲገባ ሁለቱ ቤቶች እንደ አንድ ቤት ሆነው ኖሩ። አቶ ስምዖን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያርፉም አቶ ፍሬው ከቤቱ አልራቁም።

ወይዘሮ መነን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በፓርኪንግ ካሸርነት ሠርተዋል። አንድ ቀን ከደንበኛ የተቀበሉት አምስት ሳንቲም፣ እዚህ ኒክል የሚባለው፣ ጎሽ የታተመበት አሮጌ ሆኖ አገኙት። በራሳቸው አምስት ሳንቲም ተክተው ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ከዚያ ወዲህ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የእሳቸው የምርመራ ቦታ ሆነ። ልጆቻቸው “እማዬ፣ ይሄን ያረጀ ላምፕ ጣይውና ሌላ እንግዛልሽ” ሲሏቸው “ጥላውን አስተካክሎ የሚያወጣልኝ ይሄ ብቻ ነው፤ እጃችሁን!” ይሉ ነበር።

ሳንቲም የሚመታው በብረት ማኅተም ነው። ማኅተሙ ሲሰነጠቅ፣ ሲደራረብ ወይም ከልክ በላይ ሲሞረድ ጉድለቱ በሳንቲሙ ላይ ይቀራል። ወይዘሮ መነን ያጠኑት ይህንን ነበር። ከሁሉም የሚወዱት እ.ኤ.አ. በ1937 በዴንቨር የተመታውን ባለ ሦስት እግር ጎሽ ነበር። ማኅተሙ ሲሞረድ የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፍቶበታል። አጭበርባሪዎች ደግሞ የተራውን ኒክል እግር ፍቀው ያስመስሉታል። በእውነተኛው ላይ ግን ከጎሹ ሆድ ሥር ወደ መሬት የሚወርዱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከፍ ብለው ይታያሉ፤ በተፋቀው ላይ አይገኙም። በኖርክሮስ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር አዲስ የመጣ ሁሉ “የጎደለውን እግር ማንም ያያል፤ አንተ አጠገቡ ያለውን እይ” የሚለውን ትምህርት ከእሳቸው ሰምቷል። ሳንቲሙን በእጃቸው ይዘው በላምፑ ሥር ሳያዞሩ አይፈርዱም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ሳይዙ ፈረዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 አቶ ፍሬው ልጃቸውን መሲን ሲድሩ፣ በዱሉዝ በተደረገው መልስ ላይ ለአማቻቸው ባለ ሦስት እግር ጎሽ በሽልማት ሰጡ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሰው ፎቶውን በስልክ ለወይዘሮ መነን ላከላቸው። እሳቸውም ሥራ ላይ ነበሩና መኪና እያስተናገዱ በድምፅ መለሱ፦ “ተፍቋል። በቢላ የተላጨ ነው፤ አትልፉ።” ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። “አማታችን ጎሹን አንካሳ አድርገው አመጡልን” እየተባለ ተሳቀ። አቶ ፍሬው ለልጃቸው ባል ቤተሰብ የውሸት ዕቃ የሰጡ ሰው ተባሉ። ለወይዘሮ መነን “እህቴ፣ በእጅሽ ይዘሽ ብትፈርጂ ይቆርጥልኝ ነበር” አሏቸውና ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው አልተቀመጡም። ወይዘሮ መነንም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ትክክል እንደሆኑ እርግጠኛ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የጉበት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ልትጠይቃቸው የመጣችው መሲ ያንን ኒክል ከቦርሳዋ አውጥታ “እትዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ በእጅዎ ይዘው ይዩት” አለቻቸው። ወይዘሮ መነን ላምፑን አብርተው ሳንቲሙን ቀስ አድርገው አዞሩት። ከጎሹ ሆድ ሥር ነጠብጣቦቹ ቆመው ታዩ። በፎቶው ላይ የስልኩ ብርሃን አጥፍቷቸው ነበር። ሳንቲሙን አስቀመጡና “መሲዬ፣ አባትሽን በሰው ፊት አዋረድኩት፤ በሰው ፊት ነው የማነሣው” አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ የምስክርነት ሰዓት ፊሊሞን ደግፏቸው ወደ ማይኩ ወጡ። ምእመኑ የፈውስ ምስክርነት ጠብቆ “ሃሌሉያ” ማለት ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙት። “ስለ ጉበቴ አይደለም የቆምኩት። አቶ ፍሬው ለአማቹ የሰጠው ሳንቲም እውነተኛ ነው። ሳልይዘው ፈረድኩ። ያኔ የሳቃችሁ፣ እንደሳቃችሁ አሁን ደግሞ ይህን አውሩት።” አቶ ፍሬው ከኋላ ተነሥተው መጡና “አንቺ ሴት፣ እኔ ራሴ እኮ ልጠረጥረው ጀምሬ ነበር!” ብለው አቀፏቸው። ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሕክምና ያመላልሷቸው የነበሩት አቶ ፍሬው ናቸው፤ መኪናው ውስጥ ይጨቃጨቁ እንደነበር ነርሶቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ።

ወይዘሮ መነን በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2025 በታከር መኖሪያ ቤታቸው በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ልጆቻቸውን ሰሎሜንና ፊሊሞንን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ፍሬውን ትተው ሄደዋል። አቶ ፍሬው በዚህ ጽሑፍ “ጓደኛ” ሳይሆን “ወንድም” ተብለው እንዲጻፉ ያዘዙት ወይዘሮ መነን ራሳቸው ናቸው።

የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ። እኛንም ጥፋታችንን በአደባባይ ለማመን ሕመም እስኪመጣ የማንጠብቅ ያድርገን። አሜን።