ድምፄን አውጥቼ ያነበብሁት ሰሌዳ

ውድ እስከዳር፣

ዘቢደር ቤቴን ጥላ የሄደችው በአንቺ ምክንያት ነው። የልጄ ሚስት፣ የልጅ ልጄን ይዛ አምባራስ እናቷ ዘንድ ከገባች አራት ወር ሆናት። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የጻፍሁልሽ፤ መጻፉንም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ ያጣን ሴቶችን ከጤና ኬላው ጀርባ ምንጣፍ አንጥፈሽ ስታናግሪን፣ መጀመሪያ አልወደድሁሽም። የእርዳታ ሰው መዝግቦ ይሄዳል። አንቺ ግን ተመላለስሽ። ከጨዋታው በኋላ ጠመኔ አውጥተሽ ፊደል አስቆጠርሽን። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ስሜን ስጽፍ ከእኔ ይልቅ አንቺ አለቀስሽ። ያን ቀን ልቤን ሰጠሁሽ።

"እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቀራል" ብለሽን ነበር። እኔም እንደ ንስሐ አባት ቆጠርሁሽ። ስሕተቴ ይህ ነው። ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ወልደ ሩፋኤል ያልተናዘዝሁትን ለአንቺ ተናገርሁ።

ዘቢደር አራስ ነበረች። ክረምቱ ወንዙን አደፍርሶታል፤ ተኩሱ ከማዶ ይሰማል። ልጄ ገዱ "እማ፣ ዛሬስ የወንዙን አፍልተን እንጠጣ" አለኝ። እኔ "ለአራስ ድፍርስ አላጠጣም፤ ከታችኛው ምንጭ ቀድተህ ና" አልሁት። ጀሪካኑን አንሥቶ ወጣ። ሬሳውን በሦስተኛው ቀን አገኘነው፤ ጀሪካኑ ሞልቶ ነበር። ለዘቢደር ግን ያመለጠችውን በቅሏችንን ሊመልስ ወጣ አልኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን በቅሎ ስትረግም ኖረች፤ በመጨረሻም ዓይኗን አላይም ብላ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወስዳ ሸጠቻት። ምንም ያላደረገች እንስሳ ስትነዳ እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሁ።

ይህን ነው የነገርሁሽ።

ድርጅትሽ ለመንደራችን ያስገባው የውሃ ቧንቧ የተመረቀ ቀን የመታሰቢያ ሰሌዳው ከደባርቅ በጨርቅ ተሸፍኖ መጣ። "እማማ አመተ ማርያም ያንብቡልን፤ ተማሪዬ ናቸው" አልሽ። ሴቶቹ "ዛሬስ ቅኔ ማኅሌት ልትገባ ነው" ብለው ሳቁብኝ። ደስ አለኝ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀረብሁ። እንደምታውቂው እኔ ፊደል በፊደል እየለቀምሁ ነው የማነብ፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። "ለአራስ ሚስቱ... ንጹሕ ውሃ... እንዲቀዳ... እናቱ ልካው... በዚያው ለቀረው... ለገዱ መታሰቢያ።" ጮክ ብዬ ጨረስሁት። ምን እንዳነበብሁ ያወቅሁት የዘቢደርን ፊት ሳይ ነው።

"እናቴ፣ ታዲያ በቅሎዋስ?" አለችኝ። ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች።

አንቺ እቤቴ ድረስ ተከትለሽኝ መጣሽ። "ለሪፖርት ጻፍሁት እንጂ ለሰሌዳ አላልሁም፤ አለቆቼን ታሪኩ ልባቸውን ነክቷቸው ነው" አልሽ። እኔ የተናገርሁት የአለቆችሽን ልብ ለመንካት አልነበረም።

ውሃው ንጹሕ ነው፤ አልዋሽም። የሕፃናቱ ሆድ ተሽሎታል። ሴቶቹ ግን ቧንቧውን በልጄ ስም ይጠሩታል። "ገዱ ዛሬ ደረቀ"፣ "ገዱን ማን ክፍቱን ተወው" ይባባላሉ፤ ክፋት አስበው አይደለም። እኔ ቤቴ ሆኜ እሰማለሁ።

ሰሌዳውን እናንሣው ብለሽ ልከሽብኛል። ተዪው። አፌ ያወጣውን ማን ያነሣዋል? ለዘቢደር ልጽፍላት አስቤ ነበር። እርሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም፤ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሊያነብላት ነው። ወረቀቱን ቀደድሁት።

ምንጣፍሽ ላይ ያለውን ቦታዬን ለሌላ ስጪ። ይህን በገዛ እጄ የጻፍሁት እኔ አመተ ማርያም፣ ከእንግዲህ ድምፄን አውጥቼ አላነብም።