ስድሳ ሦስት ፊደል በቃላችሁ ለምትይዙ

ለተከበራችሁ የ«መንደር» ማኅበራዊ መረብ አድራሻ ኮሚቴ አባላት፤
ባላችሁበት

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? ኢንተርኔታችሁ ሳይቆራረጥ፣ ወንበራችሁም ሳይቆረቁራችሁ እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኬንያ ሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር ውስጥ የስልክ ካርድና ብስኩት የምሸጥ ሴት ነኝ።

«መንደር» ባለቤት የለውም፣ እያንዳንዱ ከተማና ሰፈር የራሱን ሰርቨር አቁሞ ከሌላው ጋር ይገናኛል ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። አምነን አዋጥተን ገዛን። ሰርቨራችን ጎረቤቴ ጆይስ ሱቅ ውስጥ ከስኳሩ ማዳበሪያ አጠገብ ተቀምጧል፤ አድራሻዬም «አመለሸጋ ከሄሉ» ነው። አሁን ደግሞ «ለተጠቃሚ ምቹ» ያላችሁትን አዲስ አድራሻ ስላበረከታችሁልን፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. አዲሱ አድራሻዬ ስድሳ ሦስት ፊደልና ቁጥር ነው። የቦሪ ተወላጁ ሾፌር ጎልቻ አይቶት የየትኛው መኪና ሻንሲ ቁጥር እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልሁት፤ አዘነልኝ።

2. ስልክ ስለሚይዘው ማንም በቃሉ ማጥናት አይጠበቅበትም ብላችኋል። ስልክ ተቀምታችሁ የማታውቁ በመሆናችሁ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ከዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደድ ሰው ግን ስልኩን መጀመሪያ ያገኘው ደላላ ይወስድበታል። ስለዚህ እኛ ዘንድ መንገደኛ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚፈልገውን ሰው አድራሻ ሦስት ጊዜ በቃሉ ይላል፤ ሳይል አይሸኝም። ታናሽ እህቴን ማኅደርን እኔው ራሴ ሦስት ጊዜ አስብያታለሁ፤ እየሳቀች ነበር የምትለው። ከሄደች ስምንት ወሯ ነው፣ ድምፅዋን አልሰማሁም። በሕይወት ካለች ከእኔ የቀራት ያ አድራሻ ብቻ ነው፤ እናንተ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ልትዘጉት ነው።

3. አስተያየት እንድንሰጥ ሁለት ሳምንት ስለፈቀዳችሁልን፣ ቅጹንም አዲሱን አድራሻ ለተቀበለ ሰው ብቻ ስለከፈታችሁት እናመሰግናለን። የተቃወመ አንድም ሰው እንዳልተገኘ በሪፖርታችሁ አንብበናል።

እንግዲህ ትሕትናችንን ሳንቀንስ እንነግራችኋለን፦ የሄሉን ሰርቨር ወደ አዲሱ አድራሻ አናድስም። የማርሳቢትና የኢሲዮሎ ከተሞች ሰዎችም አናድስም ብለዋል። ባለቤት የለውም ያላችሁት እናንተ ናችሁና፣ ማን እንደሚያዘን ብታስረዱን ደስ ይለናል። ትልልቆቹ ሰርቨሮች በራቸውን ሊዘጉብን ይችላሉ፤ የእኛን በር ግን የሚዘጋው የለም፣ እህቴ እስክታንኳኳ ድረስ እኔው እጠብቀዋለሁ።

ለድካማችሁ ተመጣጣኝ ዕረፍት እየተመኘሁ፣ በሁለት ቃል ተጠርቼ አቤት የምል፣
አመለሸጋ ከሄሉ

ማስታወሻ፦ ወደተዘጋ አድራሻ ለሚጽፍ ሰው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል መልስ እንዲደርሰው መወሰናችሁን ሰምቻለሁ። እህቴ ከሰው ስልክ ለምና ጽፋ ይህን ካነበበች፣ የሞትሁ ነው የሚመስላት። ስለዚህ ያንን ዐረፍተ ነገር ያረቀቀውን ሰው ስምና አድራሻ ላኩልኝ። ስድሳ ሦስቱንም ፊደል በቃሌ እይዘዋለሁ።