የተቆረጠ ሰላምታ

እሑድ፣ ኅዳር 7

የዕረፍት ቀን። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልብስ ሳጥብ ከርሜ ዛሬ የራሴን ሸሚዝ አጠብኩ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ትምህርቱ።

መምህሩ ስለ ማፕ አስተማረን። ቁልፍ ትሰጠዋለህ፣ በዚያ ቁልፍ ሥር ያስቀመጥከውን እሴት ይመልስልሃል። ወዲያው ገባኝ። ላውንደሪው ውስጥ የምሠራው ይህንኑ አይደል? ደንበኛው ቁጥሩን ያሳያል፣ እኔ ካፖርቱን አወጣለሁ። እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናገርኩ።

«ጎበዝ! ትምህርትህ እስከ ስንት ነው?»

«እስከ አራተኛ።»

«ዩኒቨርሲቲ?»

«አራተኛ ክፍል።»

ክፍሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። በሳቁት ላይ አይደለም… በአባባ ላይ ነው። ከክፍል አውጥቶ ከጫማ መስፊያው አጠገብ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። «ማንበብ ችለሃል፤ ከእንግዲህ መዶሻ ያዝ።» ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የእህቴ መልእክት በቤተሰቡ ግሩፕ መጣ። እንደ ልማዷ የስልኩ መስኮት በሰላምታ ተሞልቷል። እማዬ፣ አያቴ፣ አጎቴ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ልጆች… ማን ያነበዋል? «ከዚህ በመቀጠል» እስከምትል ዘልዬ ነው የማነበው። ቁም ነገሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

ከዚህ በመቀጠል፦ አባባ በሌላው ሳምንት ሐሙስ ቀኝ እጁን ኦፕራሲዮን ይሆናል። ከዚያ በኋላ መርፌና ክር መያዙን ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። «እባክህ ወንድምዓለም፣ ከዚያ በፊት አንድ ቃል ላክለት።»

እኔ? እሱስ ለእኔ ምን ላከ? ስልክ አለው፤ ከደንበኞቹ ጋር ሲጨቃጨቅበት ይውላል። በቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥም አለ። ከአገር የወጣሁ ቀን ከያዘው ጫማ ላይ ቀና እንኳ አላለም። የሰፈሩን ጫማ ሁሉ እየጠገነ፣ የገዛ ልጁ ውሃ በሚያስገባ ጫማ አገር ለቆ ሄደ።

አልልክም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አብሮኝ የሚኖረው ሹፌር ነገሩን ሰምቶ፣ «ጥርስህን ነክሰህ ደውልለት በቃ» አለኝ።

«አንተ ብትሆን?»

«የእኔ አባትማ ሲደውል ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምሰማው። ይጮህብኛል።»

«ቢያንስ ይጮህብሃል።»

የመኪና ቁልፉን አንስቶ ወጣ። በመውጣቱም ተናደድኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የዛሬው ትምህርት ጽሑፍን በንድፍ መፈለግ ነበር። ሬጀክስ ይሉታል። የምትፈልገውን ቃል ሳይሆን መልኩን ትነግረዋለህ፤ እሱ አሥሶ ያወጣዋል። የቤት ሥራ፦ ከስልካችሁ የቡድን መልእክቶች አውጡ፣ በላኪው ስም ሰብስቡ፣ በድረ ገጽ ላይ አሳዩ።

ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር። ማስረጃ!

በመጀመሪያ ሰላምታውን ልቁረጥ። ከመልእክቱ መነሻ እስከ «ከዚህ በመቀጠል» ያለውን ሁሉ «ጣል» አልኩት። ጉድ! መልእክቱን ጠቅላላ ዋጠው። እህቴ በአንድ መልእክት ሦስት ጊዜ «ከዚህ በመቀጠል» ትላለች፤ እስከ መጨረሻው ሄዶ ቆረጠልኝ። ጠረጴዛውን መታሁት።

«ወንድሜ፣ ጠረጴዛው ምን አደረገህ?» አለ መምህሩ። «ንድፍህ ስግብግብ ነው። ያገኘውን ያህል ይውጣል። ከኮከብ ምልክቷ (*) ኋላ የጥያቄ ምልክት ጨምርበት፤ መጀመሪያው ላይ ይቆማል።»

ጨመርኩ። ቆመ። አንድ ጥያቄ አደብ አስያዘው።

ከዚያ መልእክቶቹን በላኪው ስም ማፕ ውስጥ ከትቼ «አባባ» ብዬ ጠየቅኩት። ያልተገለጸ፣ አለኝ።

«ዜሮ ማለት ነው?»

«ዜሮማ ቦታ አለው» አለ መምህሩ። «ይህ ቁልፉም የለ።»

ቁልፉም የለ! ደስ አለኝ… ክፉ ደስታ። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክኩላት። «ይኸውልሽ አባትሽ።»

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጠዋት ደወለች። ሰላም እንኳ አላለችም።

«አንተ፣ ሰላምታውን አታነበውም እንዴ?»

«ረጅም ነው።»

«ረጅም ነው? አጠገቤ ተቀምጦ ቃል በቃል የሚያስጽፈኝ አባባ እኮ ነው! የሁሉንም ሰላምታ አስጽፎ፣ የራሱን መጨረሻ ላይ ያስከትላል። እኛ እያየህ የዘጋኸን መስሎን… ደንቆሮ!»

ዘጋችብኝ።

ክፍል ገብቼ ሰላምታ ቆራጩን መስመር አጠፋሁ። ሌላ ንድፍ ጻፍኩ፦ ሰላምታው ውስጥ «አባባ» ከሚለው ቃል እስከ አራት ነጥቡ። ያገኘኸውን «አባባ» በሚል ቁልፍ አስቀምጥ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ።

አባባ ይተወው በቃ፣ እግሩም አድጎ ይሆናል ይላል።

ምኑን ልተወው? የምን እግር?

መምህሩ አጎንብሶ አየው። «በአንድ ቁልፍ ላይ ደጋግመህ ስታስቀምጥ አዲሱ የፊተኛውን ያጠፋል። አያስጠነቅቅህም። እሴቱን ዝርዝር አድርገውና እየጨመርክ ሂድ።»

አደረግኩ። ገጹ ሞላ። ጥቂቱን ልገልብጥ፦

አባባ ያ ጫማ አሁንም ውሃ ያስገባል ወይ ይልሃል።
አባባ አዲስ ልሰፋለት ነው፣ የእግሩን ልክ ይላክልኝ ይልሃል።
አባባ ቆዳው ተዘጋጅቷል፣ የቀረው ልኩ ነው ይልሃል።
አባባ ልኩን አልላከም ወይ እያለ ይጠይቃል።
አባባ እኔን ይቀየመኝ፣ እግሩ ግን ምን አደረገ ይላል።

የመጨረሻውን፣ «ይተወው በቃ» ያለውን፣ ከላይ አንዴ ጽፌዋለሁ። ደግሜ አልጽፈውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሥራ ላይ የደንበኛ ሸሚዝ አቃጠልኩ። አለቃው ጮኸብኝ።

ንዴቴን የት ልውሰደው? ትናንት ማስረጃ ነበረኝ። ዛሬ… ግን ትምህርቴስ? ጫማ ሰፋልኝ ተብሎ አምስተኛ ክፍል አልገባ! አልበረደልኝም። ደግሞ በራሴም ላይ ነው። ያንን ሁሉ ጥያቄ በጣቴ እየዘለልኩ…

ሹፌሩ፣ «ሁለቱንም ንገረዋ» አለ። «ጫማውንም ትምህርቱንም። አባት አይደል? ይሸከማል።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የላውንደሪውን መጠቅለያ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቼ ቆምኩበት። ሹፌሩ ተንበርክኮ እግሬን በእርሳስ ዞረው።

«አቤት እግር! አባትህ ጫማ ትቶ ጀልባ ይሥራ።»

ሳቅኩ። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁና ላክኩ። መልእክቱ ይህ ነው። «ከዚህ በመቀጠል» የሚል የለበትም፤ ሁሉም ሰላምታው ውስጥ ነው።

«ለእማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜ፣ እንዴት ነሽ? ለአያቴ፣ ዓይንሽ እንዴት ሆነ? ለአጎቴ፣ ከነሳልህ እንዴት ከረምክ? ለጎረቤታችን፣ ለልጆቹም፣ ለትንሹ ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስ። ለእህቴ፣ ብትዘጊብኝም ሰላም ላንቺ ይሁን። ለአባባ፣ እጅህ እንዴት ነው? አዎ፣ ጫማው ውሃ ያስገባል። እግሬም አድጓል፤ ልኩ ይኸውልህ። ሰላምታውን አላነበብኩም ነበር፤ አይተህ ዝም አለኝ አትበል። ከትምህርት ቤት ስላወጣኸኝ ግን አሁንም ተናድጃለሁ፣ ጫማውም አያበርደኝም። ለምን አወጣኸኝ? ከሐሙስ በፊት፣ በእህቴ እጅ ሳይሆን በራስህ ድምፅ መልስልኝ።»