ግማሹ ዮዮ

ላሊበላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጋሻዬ፣

ደብዳቤህን ሾፌሩ አለሜ ከአዲስ አበባ አድርሶልኛል። «ሰብልዬ፣ የኔ እናት፣ ዓይኔ» ብለህ ስትጀምር አንድ ነገር እንደቸገረህ ገባኝ። ቤት ሳለህማ ስሜ «አንቺ!» ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ!

ስለ እኛ ከጠየቅህ፣ የአባባ ዓይን ብሶባቸዋል። የከሰሉ ጭስ ጨርሶ ሊያጠፋው ነው። እኔም እዚያችው አንተ የምታውቃት ጓዳ ውስጥ፣ ከጆንያው መጋረጃ ጀርባ አለሁ። መስቀል የሚገዛ ሰው ሲመጣ ሞረዴን አስቀምጬ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። «ማን ነው የሠራው?» ሲሏቸው አባባ «እኔና ልጄ» ይላሉ። ልጄ የሚሉት አንተን ነው። ከሄድክ አራት ወርህ ነው፣ እዚህ ግን አሁንም የምትሠራው አንተ ነህ። ወይ ጉድ!

«የሠራሁት ዮዮ ይንገዳገዳል እንጂ አይሾርም፤ የማዕከሉ ኤግዚቢሽን ደግሞ ለኅዳር ነው። ጉዴ ፈላ፣ ምስጢሩን ጻፊልኝ» ብለሃል። ምን ምስጢር አለው ጋሻዬ? እኔ ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ቆሎ ትቆረጥም አልነበር?

አምና ለገና የመጣውን ረጅም ፈረንጅ አትረሳውም መቼም። ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ያን የሚያብረቀርቅ ብረት ከኪሱ ሲያወጣ በጆንያው ቀዳዳ እያየሁ ነበር። ሁለት ሲኒ ቂጥ ለቂጥ የተጋጠመ ይመስላል። ገመዱን ጣቱ ላይ አጥልቆ ለቀቀው፤ መሬት ሳይነካ ገመዱ ጫፍ ላይ እዝዝ እያለ ሾረ፣ ሾረ፣ ከዚያ እጁን ነቅነቅ ሲያደርግ ዘሎ መዳፉ ላይ ገባ። ከቅዳሴ የሚመለሱት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው «እስቲ ድገመው» ማለታቸው! አብሮት የመጣው አስጎብኚ፣ ሰውየው ዮዮ እንደሚሰበስብና በነሐስ፣ የላሊበላ መስቀል ተቀርጾበት እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ነገረን። አባባም «ምን ችግር አለው» ብለው ተቀበሉ።

የመጀመሪያውን አንተና አባባ ሠራችሁት። መስቀሉን በአንድ በኩል ብቻ ቀረጻችሁት! አባባ «መስቀል ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፤ ጀርባው ላይ ምን ይቀረጻል?» አሉ። ሠላሳ ዓመት መስቀል የሠራ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? የተቀረጸው ጎን ቀለለ፣ ልሙጡ ከበደ፣ ሲለቀቅ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ወደቀ። ከዚያ «እንኪ፣ አንቺ እይው» ተባልኩ።

ዐቢይ ጾምን ሙሉ ለፋሁ። የጥይት ቀለህ አቅልጬ ሁለቱንም ግማሾች ባንድ ጊዜ አፈሰስኩ። መሐሉን አሳሳሁት፣ ክብደቱን ወደ ጠርዙ ገፋሁት፤ ብዙ የሚያሾረው የጠርዙ ክብደት ነውና። መስቀሉን በሁለቱም ፊት ቀረጽኩ። በወርቅ ሚዛኑ ግራና ቀኝ እያስቀመጥኩ እኩል እስኪሆኑ በሞረድ ፋቅኳቸው። ፈረንጁ የተወልንን፣ ገመዱ የሚዞርባትን ትንሿን ኩሽኔታ መሐላቸው አስገብቼ ገጠምኩና እዚያው ጓዳ ውስጥ ለቀቅሁት። አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ደገምኩ፣ እሱ ገና ይሾራል። አለቀስኩ እኮ! አንተም አይተህ «አንቺ ጉደኛ!» አልከኝ።

በሰኔ፣ ፈረንጁ ዮዮውን አሳይቷቸው ኖሮ፣ «የዚህ ዮዮ ሠሪ አዲስ አበባ የእደ ጥበብ ማዕከላችን መጥቶ ያስተምር» የሚል ወረቀት ሲመጣ ነጠላዬን አጠብኩ። ሞኝ ነኝ። አባባ «ሴት ልጅ ነሐስ ታቀልጣለች ተብሎ የቤቴ ስም አይነሳም፤ ጋሻዬ ይሂድ» አሉ። አንተ መሬት መሬቱን አየህ። አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የአባባ ነገር ሳይሆን ያንተ ዝምታ ነው።

አሁንም መስቀሉን ባንድ ፊት ብቻ ነው የቀረጽከው፣ አይደል? አውቄሃለሁ። ይኸው ነገርኩህ፤ ግን ብነግርህም እጅህ አይሠራውም። አንተ እዚያ በኔ ሥራ ተይዘሃል፣ እኔ እዚህ ባንተ ስም ታፍኛለሁ።

ባለፈው እሑድ አዲስ የሠራሁትን ዮዮ አባባ በጣታቸው ዳሰሱት። ጠርዙን ዞሩት፣ መስቀሉን በግራም በቀኝም ነኩት።

«ይኼ የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የኔ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። ወዲያው ግን ውጭ የሰው ድምፅ ሰሙና «በይ፣ መጋረጃውን ዝጊ» አሉ። ዘጋሁት።

ጋሻዬ፣ ከዚህ ወዲያ አልችልም። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ አባባ የዳሰሱትን ዮዮ አንድ ግማሽ ልኬልሃለሁ። ብቻውን አይሾርም። አቻውን እሠራለታለሁ ብለህም አትድከም፤ እሱን የምትሠራ እጅ ብትኖርህ ደብዳቤ ባልጻፍክልኝ። የማዕከሉን ሰዎች ሰብስብና የማን ሥራ እንደሆነ ንገራቸው። የጥሪውን ወረቀት በስሜ ይጻፉት። አክስታችን ጥሩነሽ አባባን እየዋለች ልታያቸው እሺ ብላኛለች፤ አለሜም የፊት ወንበር ይይዝልኛል። ለኅዳር እደርስልሃለሁ፣ አላሳፍርህም።

መናገሩ ካቃተህ ግን ግማሹን የሲጋራ መተርኮሻ አድርገው። ሌላው ግማሽ እኔ ጉያ ውስጥ ነው፤ ካለኔ አይመጣም።

እህትህ ሰብሌ፣
ሠሪዋ