አባባ ከአጥር ጀርባ የዘመሩበት ቀን

ለምወድህና ለማከብርህ ለጋሼ ኤልሳዕ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? የደርባኑ ሙቀትስ? ወረርሽኙ እዚያ እንደገና በረታ ሲባል ልባችን ተሰቅሎ ነበር፤ ድምፅህን በስልክ ስንሰማ አረፍን። እኛ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን። ይህን ወሬ ግን በስልክ ብጀምረው ሳቄ ስለማያስጨርሰኝ በወረቀት አደረግሁት።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አርባኛ ዓመታቸውን በሜዳው ላይ በኮንሰርት ሊያከብሩ ነው ተባለ። ጉባኤ ከተዘጋ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አባባ ይህን እንደሰሙ ኮታቸውን አስተኮሱ። ሠላሳ ዓመት የዘመሩበት ኳየር ነው፣ እንዴት ይቅሩ? እኔ ደግሞ አምና በሳንባ ምች ትንፋሽ ሲያጥራቸው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ያነጋሁ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ማስክ አድርገን ከኋላ ብንቀመጥስ ብዬም ነበር፤ ግን የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፣ አባባን ያየ ሁሉ ሳያቅፍ አያልፍም። በመጨረሻ ጨክኜ «አባባ፣ አንሄድም» አልኳቸው። «ዘንድሮ ያልዘመርኩትን ለመቼ ላቆየው፣ ልጄ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምሳም አልበሉ።

መላ ያመጡት ጎረቤታችን እትዬ የማርያምወርቅ ናቸው። የጓሯቸው አጥር ከሜዳው ጋር ይዋሰን የለ? «አቮካዶው ሥር አንድ ወንበር ይበቃዋል፤ እኔ ከበረንዳዬ ሆኜ እሰማለሁ» አሉ።

እሑድ ከሰዓት አባባ እዚያ ተቀመጡ። ሁለት መዝሙር ዝም ብለው አዳመጡ። ሦስተኛው እሳቸው ለኳየሩ ልጆች ያስተማሩት የወላይትኛ መዝሙር ነበር። አልቻሉም፣ ለቀቁት! ጋሼ፣ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ሳል ሳያቋርጠው! መዘምራኑ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከቤሌ የመጡት የድሮ ጓደኛቸው አቶ ጩማ ማይኩን ነጥቀው «ይሄ ዳልጮ ነው! ሌላ ማንም አይደለም!» ብለው ጮኹ። ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። ከዚያማ አባባ ከአጥር ወዲህ ሲያወጡ፣ ሕዝቡ ከአጥር ወዲያ ይቀበል ጀመር። እትዬ የማርያምወርቅም መዝሙሩን ባያውቁትም በጭብጨባ አገዙ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ።

ይኸው ሃያ ቀን አለፈ፤ ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንገባ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ባትከለክዪኝ ኖሮ ከሕዝቡ መሃል ተቀምጬ ማን ይሰማኝ ነበር?»

ለሶልያና እቅፌ ይድረሳት፤ የቤኒን ጉንጭ በእኔ ፈንታ ሳምልኝ። አባባ በጌታ ሰላም ይሉሃል፤ እትዬ የማርያምወርቅም እግዜር ይጠብቅህ ብለዋል።

እህትህ ሣራ ዳልጮ
ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 6 ቀን 2013 ዓ.ም.