ሳትልከኝ በስምህ የጠየቅኩት ይቅርታ

ሞልዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ስምንተኛው ወር ተያዘ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ጽሕፈቱ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ አንተን የማይበት ፊት አጥቼ ነው። መቃብርህ ዘንድ ስመጣም ስለ ዝናቡና ስለ ፍየሎቹ አወራልሃለሁ እንጂ ዋናውን ነገር አላነሳም። ከዚህ በላይ ይዤው ብቆይ ስለሚገድለኝ ዛሬ ልንገርህ።

አስቀድሜ የቤቱን። ጎርፉ ዘንድሮ ማሳችን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተኝቶ ሄደ። ማሽላው እንደ ነገሩ አፈራ፣ ግሪሳ ወፉ የተወልንን አስገብቻለሁ። ልጃችን ከዋጃ እየተመላለሰች «እኔ ጋ ኑሪ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ አንተን ትቼ የት እሄዳለሁ። የስነ ዜጋ መጽሐፎችህን ምስጥ እንዳይደርስባቸው ከአልጋው ሥር አውጥቼ ሣጥን ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። መነጽርህን ደብቄዋለሁ፤ ሳየው ያየኝ ይመስለኛል።

ሮቢት መናኸሪያ የተገናኘንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ረዳቱ አንዲትን ሴት ከነፍየሏ ከአውቶቡስ ሊያወርዳት ሲል፣ አንተ አዲስ የመጣህ መምህር፣ የማታውቃትን ሴት ጠበቃ ሆነህ ፍየሏ የተከፈለላት ተሳፋሪ ናት ብለህ ተሟገትክ። አውቶቡሱ አንተንም፣ ሴትየዋንም፣ ፍየሏንም፣ ቆሜ ስስቅ የነበርኩትን እኔንም ጥሎን ሄደ። ጠራራ ፀሐይ ላይ እኩል ተጠበስን። ያን ቀን ነው የወደድኩህ። መፍራት የነበረብኝም ያን ቀን ነበር።

ለብዙ ወራት ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ሲመለስ ከተማችን ቆቦ ስልኩን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው ያን ሰልፍ ነበር። ግብረ ሰዶማውያን በሩቅ አገር ከተማ አደባባይ ወጥተው፣ ከመሀላቸው የእኛን ባንዲራ የለበሰ አንድ ወጣት ይታያል። ቄሱም ሼሁም አንድ ቃል ሆኑ። ስንታመም የሚጠይቀን፣ ስንሞት የሚቀብረን ቅሬያችንም ተቃውሞውን ሊያሰማ እሁድ ተጠራ። አንተም ወደህ ነው የሄድከው። እኔም ብሆን ያን ሰልፍ እስከ ዛሬ አልወደውም፤ ይህን ያንተን ጠባይ ለማሳመር ብዬ አልደብቅም።

መጀመሪያ የተነሳኸው አንተ ነበርክ። ሰልፉ ከሃይማኖታችንም ከወጋችንም እንደማይገጥም፣ እንደምትቃወመውም ተናገርክ፤ ተጨበጨበልህ። እዚያ ላይ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? ከዚያ አንዱ ተነስቶ ባንዲራ የለበሰው ወጣት የደርቤን ልጅ ይመስላል አለ። ሽንኩርት የምትቸረችረው የጎረቤታችን የደርቤ ልጅ፣ ከአምስት ዓመት በፊት በበረሃ በኩል የወጣው። ሌላው ተቀበለና ደርቤ በአደባባይ ልጄ አይደለም እስክትል ከቅሬው ትውጣ፣ እሳት የሚሰጣት አይኑር፣ ብትሞትም አንቀብራትም አለ። ደርቤ እዚያ አልነበረችም።

አንተ እንደገና ተነሳህ። «እኔ የተቃወምኩት አፍ ስላለኝ ነው። ደርቤም አፍ አላት፣ ትጠራና ትናገር። ልጁ እሱ ሆኖ ቢገኝስ የእናቱ ሬሳ ምን በደለ?» አልክ።

አንዱ በስልኩ ይቀርጽህ ኖሯል። የፊተኛውን ንግግርህን ቆርጦ ጣለና የኋለኛውን ብቻ ለቀቀው። ምሳችንን ሳንበላ መምህር ሞላ ሰዶማውያንን ደገፈ ተብሎ ከጎብዬ እስከ አላማጣ ተዳረሰ። የመናገር መብት የሚለውን ምዕራፍ ስንት ዓመት አስተማርክ፤ ፈታኞችህ የገዛ ተማሪዎችህ ሆኑ። ለጊዜው ክፍል አትግባ ተባልክ። በሳምንቱ ቅሬው ስምህን ፋቀ። የደርቤን ጉዳይ ግን የቅሬው ዳኛ አያ ሁሴን፣ ክርክር የተነሳበትን ነገር በጭብጨባ አልወስንም ብለው አቆዩት። ከተናገርከው የተረፈ ነገር ቢኖር ያ ነበር።

እኔ ተቆጣሁህ። ዝም አይነቅዝም ብዬህ ነበር። አንተ ግን ሳቅ ብለህ፣ «ይነቅዛል፤ ጎተራውን ከፍተሽ ስላላየሽ ነው» አልከኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። አሁን እነዚያን ሁለት ቀናት ከየት ላምጣቸው።

ስምህ በተፋቀ በሦስተኛው ወር የደም ግፊቱ ጣለህ። ቀኝ ጎንህ አልታዘዝ አለ፣ አንደበትህም ተያዘ። ሐኪሙ ተዘጋጁ ሲለን እኔ የታየኝ ሞትህ አልነበረም፤ ሬሳህ ነው። ማን ይቆፍራል? ማን ያነሳዋል? እኔና ልጄ ጭቃ ላይ እየጎተትን ስንወስድህ ታየኝ። ሰው ቀባሪ አያሳጣህ ብሎ የሚመርቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እሁድ ጠዋት ገንፎህን አጉርሼህ ወጣሁ። የአጥፊ ወጉ ነውና ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ቅሬው ፊት ቆምኩ። ሞላ ተሳስቻለሁ ብሏል፣ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሎ ልኮኛል አልኩ። አያ ሁሴን ትክ ብለው አዩኝና «አንደበቱ ተይዟል ሲሉ ሰማሁ፤ በምን አፉ ላከሽ?» አሉኝ።

«በዓይኑ» አልኳቸው።

ድንጋዩን አውርጂ ተባልኩ። ስምህም ተመለሰ። ወዲያው ከተቀመጡት አንዱ፣ መምህሩ ራሱ ካመነ ክርክሩ አለቀ አለ። የደርቤ ስም እዚያው፣ እኔ አንገቴን እያሸሁ ቆሜ ሳለሁ ተፋቀ። አፍ ነበረኝ ሞልዬ። አልከፈትኩትም።

ስመለስ በዓይንህ የት ነበርሽ አልከኝ። ገበያ አልኩህ። በደህናው እጅህ ነጠላዬን ሳብ አድርገህ ትከሻዬ ላይ የቀረውን የድንጋይ አፈር ቀስ ብለህ አራገፍክልኝ። ታውቅ ነበር? ይህን ጥያቄ እየጠየቅኩ ነው የሚነጋብኝ። ካወቅክ ይቅር ብለኸኛል፤ ካላወቅክ ግን ሌባ አቅፈህ ነው የሞትከው።

ቀብርህ አማረ። ድንኳኑ ሞላ፣ ጎበዞቹ ተሽቀዳድመው ቆፈሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አለቀሰልህ። አንዱ ተነስቶ ተሳስቶ የተመለሰ ሰው ብሎ ሲያመሰግንህ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ። ደርቤ ከቁልቋሉ አጥር ማዶ ብቻዋን ቆማ ታለቅስ ነበር። እንዳትገባ ተከልክላለች። ስለ እሷ ብለህ የሞትክላት ሴት ሬሳህን አልሸኘችም። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ሌላ የምወቅሰው የለኝም።

ሰባት ወር ዝም አልኩ። ደርቤ እሳት ፍለጋ በየደጁ ስትዞር፣ ታማ ስትተኛ አንድ ሰው በሯን ሳይረግጥ እያየሁ ቆየሁ። የልጇም ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል። ባንዲራ የለበሰው እሱ ይሁን አይሁን ዛሬም የሚያውቅ የለም፣ የጠየቃትም የለም። ዝምታው ነቀዘ ሞልዬ። ጎተራው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

ያለፈው እሁድ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሳሁ። ድንጋይ አልያዝኩም። ሞላ አልላከኝም፤ ቀብሩን ፈርቼ እኔ ዋሸሁ፤ ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም አልኩ። መጀመሪያ የተናገርከውንም፣ ቀጥሎ የተናገርከውንም ሁለቱንም አንድ ላይ ነገርኳቸው። የጮኸብኝ ብዙ ነው። አያ ሁሴን አልጮሁም። «ትርንጎ፣ ሙትሽን ቀብረሻል። አሁን ደግሞ ራስሽን ቀባሪ አታሳጪ። እስከ መጪው ወር አስቢበት» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ልጃችንም ስልክ ላይ አለቀሰችብኝ።

አስቤበታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አልመልሰውም። ግን ደፋር ሆነች አትበለኝ። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። እንደ አንተ መሳቅ አልችልበትም።

ትናንት ደርቤ ቤት እሳት ይዤ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳት፤ በርጩማውን ወደ እኔ ገፋችልኝ። በሕይወት እስካለሁ ያልከውን ከፊቱም ከኋላውም ሳልቆርጥ አስታውሳለሁ፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ከደርቤ ጋርም ተስማምተናል፤ ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ትቀብራታለች። የቀረችውን ማን እንደሚቀብራት ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

ሚስትህ ትርንጎ