የኮረሙ መኪና ሬዲዮ

ሰኞ

ወገቤን ማቃናት አቃተኝ። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ክሩስኮት ሥር ተጣጥፌ ዋልኩ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ላንድሮቨሩን ጠዋት ሶማሌ ተራ፣ ሱቄ በር ላይ አቆመው። መነጋገሪያ ሬዲዮ ይገጠምለት ነው ትእዛዙ። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው፣ ዝምተኛ። መኪናው ወዴት ነው ስለው "ኮረም" አለኝ። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ።

ልጄ አስቴር እዚያ ናት። ጤና ረዳት ሆና የረሃብ ተጎጂዎቹ መጠለያ ከተመደበች በኋላ ደብዳቤዋ አይቋረጥም ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን ምንም የለም። ያውቃት እንደሆነ ሰይድን ጠየቅኩት። መጠለያው እንደ ከተማ ሰፊ ነው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰውም ብዙ ነው አለኝ። አላውቃትም ማለቱ ነው።

ለባለቤቴ ለብርቄ አልነገርኳትም። ተስፋ ካደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ማክሰኞ

ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠበበኝ፤ እንደገና በሳሁት። አንቴናው ረጅም ነው። ከመብራቶቹ ሥር ያለው የፊት ፓራውልት ላይ አቁሜ ሳስረው ከጣሪያው በላይ ተወዛወዘ፣ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ዓሣ ማጥመጃ ነው አለ። ሌላው በዚህ ናይሮቢ ይሰማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅ እንኳ አልመጣልኝም።

ከሰዓት አብዮት ጠባቂው መጣ። ከማን ጋር ልትነጋገሩ ነው አለ። ፈቃዱን አሳየነው። አገላብጦ አየና ማኅተሙ ደብዝዟል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳያዩት ሥራው እንዳይቀጥል ብሎ ሄደ። ሰይድ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀበሌ ሮጠ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ብለው መለሱት። መኪናው ሆድ ዕቃው እንደተዘረገፈ አደረ።

ረቡዕ

ሊቀመንበሩ እስኪገኙ ከሰይድ ጋር ሻይ ይዘን ተቀመጥን። በየመሐሉ ብድግ እያለ የቀበሌውን በር አይቶ ይመለሳል። ምን እንዲህ ያስቸኩልሃል አልኩት። ሻዩን አስቀምጦ ነገረኝ። ባለፈው ጉዞ ምጥ የጠናባት ሴት ጭኖ ከመጠለያው ወደ ሆስፒታል ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለና መኪናው ቆመ። ከተራራው ወዲያ የራሳቸው ድርጅት መኪና ነበር፤ ግን ማን ይንገረው? ሴትዮዋ እዚያው መንገድ ላይ አረፈች።

"ሕፃኑን እኔው ተቀበልኩት ጋሼ" አለኝ። "በጋቢዬ ጠቅልዬ በእግሬ ሄድኩ።"

ተርፎ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። ራሱ፣ ብርጭቆውን እያየ፣ "አለ፣ አልሐምዱሊላህ" አለ።

ከሰዓት ሊቀመንበሩ ፈቀዱ። ትንሽ ሠርቼ ዘጋሁ።

ማታ መኪናው ወደ ኮረም እንደሆነ ለብርቄ ነገርኳት፤ መደበቁ ደከመኝ። የአስቴርን ድምፅ ታሰማኛለህ ወይ አለችኝ። ሬዲዮው ለሥራ ብቻ ነው፣ የግል ወሬ ክልክል ነው አልኳት። የታጠፈ ልብስ ፈታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ሐሙስ

የተረገመ ቀን። ሬዲዮው ሠራ፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ማሽላ እንደሚቆላ ይንጣጣል፣ የሰው ድምፅ አይለይም። የካንዴላ ገመዶቹን ቀየርኩ። የዲናሞውን ሽቦ ሸፈንኩ። ያው ነው። ምሳም አልበላሁ።

ሰይድ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሞተሩን አጥፍተን እንነጋገርበታለን አለ። ባትሪው የደከመ ዕለትስ? አጥፍቶ ማን ሊያስነሳለት ነው? አይሆንም አልኩት።

ወደ ማምሻው የአንቴናውን መቀመጫ ፈትቼ አየሁ። ፓራውልቱን ቀለም ደራርበው ቀብተውት ኖሯል፤ ብረት ከብረት አልተገናኘም። እስኪያበራ ድረስ ፋቅኩት፣ በወፍራም ሽቦም ከመኪናው አካል፣ ከሻንሲው ጋር አሰርኩት። ጩኸቱ ረገበ። ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ሰው ይሰማል። ክንዴ ዝሏል፤ ይህን የምጽፈውም በግድ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ለሙከራ ስንዘጋጅ ብርቄ ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ መኪናው አጠገብ ቆመች። አብዮት ጠባቂውም ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ያየናል።

መጀመሪያ የአዲስ አበባው ቢሮ መለሰ። ቀጥሎ ኮረም፤ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ። ሰይድ መኪናው ተዘጋጅቷል፣ ዛሬ እነሳለሁ አላቸው። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ተው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ግን ማይኩን አልለቀቀም።

"ይህን ሬዲዮ የገጠሙት የጤና ረዳቷ የአስቴር ታደሰ አባት ናቸው። ደህና ናት ወይ?"

ጩኸት ብቻ። ብርቄ ክንዴን ያዘችው። ከዚያ የኮረሙ ሰውዬ "ተስቦ ይዟት ነበር። አሁን ተነስታለች፣ ሥራ ገብታለች" አለ። ሌላም ነገር ጨመረ፤ ጩኸቱ ዋጠው። ሰይድ ድገምልኝ ቢለው ሌላ ጣቢያ ገብቶ ስለ እህል ጆንያ ማውራት ጀመረ።

"ተነስታለች ነው ያለው አይደል?" አለችኝ ብርቄ።

"ነው" አልኳት።

አብዮት ጠባቂውን ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱን ወደ ሰባተኛ ሰፈር አዙሮ ቆሟል። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ አላውቅም።

ሰይድ ከምሳ በፊት ሄደ። አንቴናው በሕዝቡ መሐል እየተወዛወዘ እስኪጠፋ አየሁት።

አሁን ገና ሳይመሽ ብርቄ ተኝታለች፤ እንዲህ እንቅልፍ ሲወስዳት ካየሁ ቆየሁ። እኔ ያችን ጩኸቱ የዋጣትን ቃል አሰላስላለሁ። "ከስታለች" ያለ ይመስለኛል። እሱ ከሆነስ ግድ የለም። የከሳ ይወፍራል።